ዋጋዬና የግንቦት ነጎድጓድ

ለኮሶበር ሙቀት ብርቋ ነው። እንጅባራን የአገሩ ሰው ኮሶበር ይላታል፤ ጠዋት ጭጋግ ተከናንባ የምትነሳ፣ ማታ ጋቢ ደርባ የምትተኛ የደጋ ከተማ ናት። በዚያ ዓመት ግን ሚያዝያ ከተጋመሰ ወዲህ ጋቢው ከየትከሻው ወረደ። ሰው ጥላ ጥላውን እየመረጠ መሄድ ጀመረ። የቀርከሃው አጥር ፀሐይ ሲበረታበት ብቻውን ቋ፣ ቋ ይላል። ከቀትር በኋላ በአስፋልቱ ላይ የሚመጣ ባጃጅ ከሩቅ ሲያዩት ጎማ ያለው አይመስልም፤ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣ ነገር ይመስላል። ውሾቹ በየሱቁ በር ተዘርግተው፣ ደንበኛ ሲረማመዳቸው እንኳ ዓይናቸውን አይገልጡም።

ዋጋዬ ይህን ሁሉ የምታየው ከእትዬ ከዲጃ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሥራዋ ማለዳ ያልቃል። ከተማው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ከአማርኛው ዜና ቀጥሎ፣ የአየሩን ሁኔታ በአገውኛ ታነባለች። ድምፅዋን ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ መልኳን ግን ከሰፈሯ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ባለጉልቷ፣ «ቶሎ ቶሎ ግዙኝ፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ አለ ብላለች ያቺ ልጅ» ትላለች። ዋጋዬም፣ «እንግዲህ እሷ ካለች ምን ይደረጋል» ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ትሄዳለች።

ወደዚህ ሥራ የመጣችው አስባበት አልነበረም። የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው። እናቷ የሞቱባት ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ ያሳደጓት አባቷ አቶ ይኸነው ናቸው። ገብስና ድንች አራሽ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ ከሰው ፊት ዝቅ ማለትን የማይወዱ ሰው ናቸው። አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ለዳንግላ ወረዳ ሰው፣ አበረ ለሚባል ገበሬ ዳሯት።

አበረ ክፉ ሰው አልነበረም። አይማታም፣ አይሰክርም፤ ብቻ አይናገርም። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ በልቶ ይተኛል። ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። መጀመሪያ ላይ ለሁለቱም የምታወራው እሷ ነበረች፤ እየቆየ ሲሄድ እሷም ማውራቱን ተወች። አንድ ቀን ከጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ ባልዲው ከገመዱ ተፈትቶ ወደቀባት፤ «ውይ!» አለች። ድምፅዋ ከውሃው ነጥሮ ወደ እሷ ሲመለስ ደነገጠች። የማን እንደሆነ ለአፍታ አላወቀችውም። ያን ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አባቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነው የተቀበሏት።

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ተራብሽ?»

«አልተራብኩም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

ይህን በምን ቃል እንደምትነግራቸው አላወቀችም። «እኔ ሽማግሌ ፊት ቃል የሰጠሁ ሰው ነኝ» አሉ አቶ ይኸነው። «ወይ ወደ ትዳርሽ ትመለሻለሽ፣ ወይ ይህን ደጃፍ አትረግጪም።» ዋጋዬ አላለቀሰችም። በሐይቁ ዳር ያለችውን ቀጭን መንገድ ይዛ፣ አስፋልቱ ጋ ደርሳ፣ ወደ ኮሶበር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አልተያዩም። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ባጃጅ ባንድ ትንፋሽ ይሄደዋል፤ ለእነሱ ግን ባሕር ሆነባቸው።

እትዬ ከዲጃ የዳንግላ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኮሶበር ገበያ ዳር ሱቅ ከፍተው፣ ጨውና ስኳር፣ ሳሙና፣ የሬዲዮ ድንጋይ፣ ዣንጥላ ይሸጣሉ። ዋጋዬን ያገኟት ሱቃቸው በር ላይ ከፀሐይ ተጠልላ ቆማ ነው። «ስሚ ልጄ» አሏት ጥቂት ካናገሯት በኋላ፤ «የእኔ አገውኛ የገበያ አገውኛ ነው። ከቁጥርና ከሰላምታ አያልፍም። ገበሬው መጥቶ ልቡን ሲያወራኝ ጨው መዝኜ እሸኘዋለሁ፤ ያሳፍራል። አንቺ ከባንኮኒው ወዲህ ቁሚልኝ።» ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጧት። ዋጋዬም ጨው እየመዘነች የሰው ወሬ ስትሰማ፣ ስትመልስ፣ ድምፅዋ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። የጣቢያው አዘጋጅ አየነው የስልክ ካርድ ሊገዛ ገብቶ፣ ከአንዲት አሮጊት ጋር ስትጫወት ሰማትና ካርዱን ረስቶ ቆመ። «ይህን ድምፅ ለጠዋት እፈልገዋለሁ» አለ። ነገሩ በዚሁ ሆነ።

በግንቦት መግቢያ የወቅቱ ትንበያ ከበላይ መጣ። አየነው ወረቀቱን እያራገበበት ነው የሰጣት፤ ክፍሉ ውስጥ መተንፈሻ አልነበረም። እንዲህ ይላል፦ በመጪዎቹ ሳምንታት በአብዛኛው የዞኑ አካባቢዎች ከመደበኛው ከፍ ያለ ሙቀት ይኖራል፤ የአየሩ እርጥበት ስለሚጨምር ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ የቀላቀለ፣ አልፎ አልፎም በረዶ ያለው ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል።

ሙቀቱ፣ መብረቁ፣ በረዶው በአገውኛ ቸግሯት አያውቅም። «እርጥበት» ላይ ግን ቆመች። እርጥብ እንጨት፣ እርጥብ መሬት አለ። እርጥብ አየር ግን እንዴት ይባላል? ወረቀቱን ይዛ ወደ ሱቁ መጣች።

«እትዬ፣ አየር ረጠበ ሲባል እርስዎ ምን ይመጣብዎታል?»

እትዬ ከዲጃ በጨርቅ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ «ምን ይመጣብኛል፤ ኪሳራ ነዋ!» አሉ። «ነይ እይው።» የጨውን ጆንያ ገለጡላት። ጨው በራሱ አልቦት፣ ጆንያው ታች ጠቁሯል። «አልዘነበ፣ ውሃ አልነካው፤ እንዲያው ተቀምጦ ያለቅሳል። ስኳሩም ድንጋይ ሆኗል።»

በማግስቱ ማለዳ ዋጋዬ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የከተማው ድምፅ ሁሉ ከሰው ላይ ይወልቃል። ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ ዓይንን እንደመግለጥ ያለ ዝምታ ነው። ቀይዋ መብራት በራች። በአገውኛ እንዲህ አለች፦ «ጨው ተቀምጦ የሚያለቅስበት አየር መጥቷል። ጠዋቱ ብሩህ ነው፤ አትመኑት። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ መብረቅና በረዶ ይዞ ይወርዳል። ሥራችሁን ማለዳ ጨርሱ። ከብቶቻችሁን በጊዜ መልሱ።»

እንዳለችውም ሆነ። በየቀኑ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ሰማያዊ ጨርቅ ይመስላል። ረፋዱ ላይ ከምዕራብ፣ ከጃዊና ከጓንጓ ቆላ በኩል፣ ነጫጭ ደመና አንድ አንድ እያለ ይወጣል፤ ደመናው በደመና ላይ እየተጫነ ያድጋል። ቀትር ላይ ወፍ እንኳ ዝም ይላል። በየመንደሩ ከሚከሰለው እንጨት የሚነሳው ጭስ የሚሄድበት ያጣና ዛፎቹ ወገብ ላይ ይተኛል። ዋጋዬ በዚያ ሰዓት ክፍሏ ገብታ ጋደም ትላለች። እንቅልፍ አይሉት ንቃት፣ ቆርቆሮው ሲሰነጣጠቅ እየሰማች፣ ድምፅዋ ከእሷ ተለይቶ ሲሄድ ታያለች። በገብሱ ላይ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ በየቤቱ ይገባል፤ እሳት ዳር ይቀመጣል፤ አንዲት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ይግባ፣ አይግባ ሳታውቅ ነጎድጓዱ ይቀሰቅሳታል።

በአንድ የገበያ ቀን ውዱ ወደ ሱቁ መጣ። ውዱ የዘንገና ሰው፣ የአባቷ ጎረቤት ነው፤ ድንች ሸጦ ሲመለስ ጎራ ይላል። ስለ አባቷ አንስቶላት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃው አታውቅም።

«የሬዲዮ ድንጋይ ስጪኝ።»

«ድንጋይ አልቋል፤ መኪናው ገና አልመጣም። ለሚመጣው ገበያ ይደርሳል።»

ውዱ ራሱን አከከ። «አይ! ሊቆጡኝ ነው። ያለውን ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ በጥርሳቸው እየነከሱ ነው እስካሁን ያደረሱት።»

«እነማን ናቸው?»

ውዱ ወደ እትዬ ከዲጃ አየ፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ጣሪያው አዩ። «አባትሽ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «እንዳትናገር ብለውኝ ነበር።»

ዋጋዬ ባንኮኒውን ያዘች። «አባ ሬዲዮ አላቸው?»

«አንቺ መናገር ከጀመርሽ ወዲህ ገዝተዋል። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ያስቀምጡትና፣ ማን ይተንፍስ! እኔ መጀመሪያ ዝናቡን የሚሰሙ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ‹ለመሆኑ ዛሬ ይዘንባል አለች?› ብላቸው፣ ‹እንጃ› አሉኝ፤ ‹ጉንፋን ግን ይዟታል።›»

እትዬ ከዲጃ ወደ ጓዳ ገቡ። ዋጋዬ ብዙ ነገር ለመጠየቅ ፈልጋ፣ የጠየቀችው፣ «ደህና ናቸው?» ብቻ ነበር።

«ደህና ናቸው። ብቻ በዚህ ሙቀት ቤት አልቀመጥ ብለዋል። ከብቶቹን አፋፉ ላይ ይለቁና፣ ታውቂው የለ፣ ያ ትልቁ ዝግባ ሥር ይውላሉ። ዝናብ ቢመጣም እዚያው ናቸው። ነፋሱ ይሻለኛል ይላሉ።»

በዚያው ሳምንት ከወደ ጥሊሊ ዛፍ ሥር የተጠለሉ በሬዎችን መብረቅ ገደለ የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። ዋጋዬ ወሬውን ራሷ ናት ያነበበችው። በማግስቱ ማለዳ ቀይዋ መብራት ስትበራ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጨርሳ አጠፈችው፤ ከድምፅ ማጉያው ግን አልራቀችም። ከመስታወቱ ባሻገር አየነው ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች።

«በዘንገና አፋፍ ከብት የምትጠብቁ» አለች፤ «ዛሬ ከቀትር በኋላ ኃይለኛ መብረቅ ይጠበቃል። አባቴ፣ ከዛፉ ሥር ይውጡ። ሰማዩ ሳያጉረመርም ከብቶቹን ይዘው ቤት ይግቡ።»

ስትወጣ አየነው ምንም አላላትም። አገውኛ ተናጋሪ ሁሉ ሽማግሌን አባቴ ይላል፤ ለአየነው ጥሩ ትሕትና መሰለው።

ያን ቀን ደመናው ሌላ ነበር። ታቹ እንደ ምጣድ ጠቁሮ፣ ዳሩ አረንጓዴ የመሰለ። ገና ሳይዘንብ ነፋሱ የገበያውን ሸራ ገለበጠ። ከዚያ በረዶው ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እትዬ ከዲጃ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሉት አይሰማም። መብረቁ ወደ ዘንገና በኩል ደጋግሞ ወደቀ። ዋጋዬ ለውዱ ስልክ ብትደውል ኔትወርክ የለም። ዝናቡ ገና ሙሉ በሙሉ ሳያባራ ነጠላዋን አነሳች።

እትዬ ከዲጃ ከመደርደሪያው ዣንጥላ አውርደው ያዟት። «ሂጂ» አሏት። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትመለሽ። ደህና ሆነው ብታገኚያቸውም እንኳ ፈጥነሽ እንዳትመለሽ።»

ባጃጁ ከአስፋልቱ ዳር አወረዳት። ቀጭኗን መንገድ ስትይዝ ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐይ ከደመናው ሥር ባንድ ጎን ብቅ አለች። መሬቱ በበረዶ ነጭ ሆኗል፤ በበረዶውም ላይ እንፋሎት ይነሳል። እግሯን ስታነሳ ይንኮሻኮሻል፣ ፊቷ ላይ ግን ሙቅ ትንፋሽ ይመጣል። ሐይቁ ከታች በክብ ገደሉ ውስጥ አይታይም፤ ጉም ሞልቶታል፤ ሰማይ ወደዚያ የፈሰሰ ይመስላል። የምትራመደው እሷ ትሁን፣ ወይስ መንገዱ ራሱ ወደ እሷ ይምጣ አልለይላት አለ። የምታውቃቸው ቁጥቋጦዎች አንድ አንድ እያሉ ከጉሙ ወጥተው ያዩአትና ወደ ጉሙ ይመለሳሉ።

ዝግባው ቆሟል። አልተነካም። ከሥሩ ግን ሰው የለም። ጎንበስ ብላ ሥሩን ዞረች። ቀና ስትል ከዛፉ ራቅ ብሎ፣ ምንም መጠለያ በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ አየች። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ መሬት ይጎትታል፤ በእጥፋቱ ውስጥ በረዶ ተከማችቷል።

«አባ!»

አቶ ይኸነው ቀና ብለው አዩአት። ከወንዝ ውሃ ቀድታ የተመለሰች ይመስል፣ «መጣሽ?» አሏት።

«ምነው እዚህ ሜዳ ላይ? ምነው ቤት አልገቡም?»

«ከዛፉ ሥር ይውጡ አልሽ፤ ወጣሁ።» ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ሬዲዮ አወጡና አሳዩአት። «ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ሳትነግሪኝ ድንጋዩ አለቀ።»

ዋጋዬ ትሳቅ ታልቅስ ሳታውቅ አጠገባቸው ተንበረከከች። በረዶውን ከጋቢያቸው ማራገፍ ጀመረች። «ሜዳም እኮ አደገኛ ነው፣ አባ።»

«እሱን ነገ ተናገሪው፤ እኔ ብቻ አይደለሁ የማላውቅ።» ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። «አንቺ፣ ያ አባቴ ያልሽው ማንን ነው? ውዱ አልሰማሽም፤ ብነግረው ግን ሽማግሌን ሁሉ ማለቷ ነው አለኝ።»

«እርስዎን ነው።»

«እኔም ብያለሁ» አሉ አቶ ይኸነው። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው ተነሱ፤ ክብደታቸውንም ሁሉ እሷ ላይ ጣሉት። ከብቶቹ ነጎድጓዱ ገና ሲጀምር ሸሽተው ቤት ገብተው ነበር።

በዚያ መልክ፣ እየተደጋገፉ፣ ደጃፉ ጋ ደረሱ። ዋጋዬ ቆመች። ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ብታወልቀው ግን ለጭቃው ብቻ አይደለም፤ «አትረግጪም» የተባለችው ደጃፍ ይህችው ናት። አባቷ አስቀድመው ገቡና ዞር ብለው አዩአት። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ቃላቸው ምንም አላሉም። «በሩን ይዘሽ አትቁሚ፤ ብርድ ይገባል» አሉ። ገባች። እሳት አነደደች፤ ጋቢውን ጨምቃ ሰቀለች። እሳቸው እሳቱ ዳር ሆነው፣ «ያ ሰውዬ አይናገርም ነበር አሉ» አሉ ድንገት። «ኋላ ሰማሁ። ያን ቀን ብትነግሪኝ እኔም አይገባኝም ነበር።» ዋጋዬ እንጨቱን ገፋ አደረገች። ውጭ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ እየተራራቀ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት እስኪያልቅ፣ ሙቀቱም ሳይለቅ፣ ዋጋዬ በየእረፍት ቀኗ ዘንገና ትወርዳለች። እትዬ ከዲጃ ድንጋይና ስኳር ያሸክሟታል። አቶ ይኸነው ስኳሩን ይቀበሉና ትንበያውን ያርማሉ። «ያጉረመርማል ያልሽው ልክ ነው፤ በረዶ ያልሽው ግን እኛ ጋ አልደረሰም» ይላሉ። ዋጋዬም ለሚቀጥለው እንደምታስተካክለው ትነግራቸዋለች።

ሰኔ ሲገባ ሙቀቱ በአንድ ቀን ዝናብ ታጥቦ ሄደ፤ ጋቢው ወደየትከሻው ተመለሰ። አንድ ማለዳ አቶ ይኸነው ዱላቸውን ይዘው ኮሶበር መጡ። ከእትዬ ከዲጃ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ሁለቱም አንዱ ለሌላው ምስጋና ያለበት ሰው በሚያሳየው ትሕትና ጎንበስ ጎንበስ አሉ። ከዚያ አቶ ይኸነው ልጃቸው የምትናገርበትን ቦታ ማየት ፈለጉ። አየነው ፈቀደና የድምፅ ክፍሉ ጥግ ላይ ወንበር ሰጣቸው።

በሩ ተዘጋ። አቶ ይኸነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ዝናቡ፣ መንገዱ፣ ከተማው ሁሉ ወዲያ ቀርቷል። ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አድርገው ፈገግ አሉ። በጨለማ ተነስተው ነበር የመጡትና፣ ቀይዋ መብራት እስክትበራ እየጠበቁ ሳሉ ዓይናቸው ተከደነ፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈ።

ዋጋዬ ወረቀቷን ዘረጋች። አፏን ወደ ማጉያው ጠጋ አድርጋ፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ቃና ማንበብ ጀመረች። ያን ማለዳ ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ያለ ገበሬ ሁሉ ትንበያውን ለመስማት ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ።